ሚስቴ ለአቶ ደምሴ የጻፈችው ደብዳቤ

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። ያኔ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሰው ጉልበቱን ይታመማል፣ ዓይኑን ይታመማል እንጂ ቅናት አይዘውም ብዬ አስብ ነበር። ተሳስቻለሁ። የተሳሳትኩትም ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ሰው ፊት ስለሆነ ከልቤ አይወጣም።

ስሜ ጅግሶ ነው። ብዙ አልተማርኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። የታተመ ነገር ቀስ እያልኩ አነባለሁ። የእጅ ጽሑፍ ግን ፊደሉ እርስ በርሱ ተያይዞ ስለሚሮጥ አልደርስበትም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ይርጋጨፌ አጠገብ አሪቻ፣ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ጽጌ ግን የተማረች ናት። ይርጋጨፌ ስንኖር ትምህርት ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች። ጡረታ ስንወጣ ዲላ ገባን። ሁለቱ ልጆቻችን ሥራ ይዘው ርቀው ስለሚኖሩ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን።

መጽሐፉ የመጣው በእኔ ፖስታ ሣጥን ነው። የጡረታ ወረቀት እንዳይጠፋብኝ ብዬ የተከራየሁት ሣጥን ነው። አንድ ቀን ስከፍተው ጥቅል መጥቷል፣ መታወቂያ ይዛችሁ ቅረቡ የሚል ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። የጽጌ ስም ነው ያለበት። መታወቂያዋን ይዤ ሄጄ ፈርሜ አወጣሁት። በገዛ ቁልፌ ከፍቼ፣ በገዛ እጄ ተሸክሜ ቤቴ አስገባሁት ማለት ነው።

የላከችው ከጽጌ በፊት ያነበበች የድሮ ባልደረባዋ ናት፤ የመጽሐፉ ባለቤት ግን አቶ ደምሴ ነው። አቶ ደምሴ እሷ ታይፒስት ሳለች እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ረጅም ነው፤ ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጥራል፤ ሲናገር ሰው ዝም ብሎ ይሰማዋል። ያኔም አልወደውም ነበር። ያደረገኝ ነገር የለም። ዝም ብዬ ነው የማልወደው።

ጽጌ ነገሩን አስረዳችኝ። መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው፤ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ አንድ ቅጂ የተረፈው አቶ ደምሴ ጋ ነው። የድሮ የትምህርት ቤት ሰዎች ጡረታ ወጥተው በየከተማው ተበትነዋል። ሰባት ሆነው ተስማሙ። አንዱ አንብቦ ሲጨርስ ለሚቀጥለው በሪኮማንዴ፣ በተመዘገበ ፖስታ ይልካል። ሦስት ሳምንት ነው የሚሰጠው። ስለ መጽሐፉ በስልክ ማውራት ክልክል ነው፤ ያላነበበው ሰው መጨረሻውን እንዳይሰማ። ይልቅስ የጨረሰ ሰው የተሰማውን በደብዳቤ ጽፎ መጽሐፉ ውስጥ ያስቀምጣል። ደብዳቤው እየተደራረበ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ዞሮ አቶ ደምሴ ጋ ሲመለስ የሰባቱም ደብዳቤ እሱ እጅ ይገባል።

“ይህን ሁሉ ሕግ ያወጣው ማነው?” አልኳት።

“ደምሴ ነው” አለችኝ። አቶ እንኳ አላለችም።

ከዚያ ወዲያ እኔ ቤት ውስጥ የለሁም። ስጠራት አትሰማም። ጎረቤት ለቅሶ ተነግሮን ልትረሳው ምንም አልቀራትም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስመለስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ደንግጬ ማን ሞተ አልኳት። ማንም አልሞተም፣ መጽሐፉ ነው አለችኝ። አንድ ድልድይ ጠባቂ አለ አሉ፤ ወንድሙን ውሃ በልቶበት ሐዘኑን ለማንም ሳይናገር፣ ለሚስቱም ሳይናገር አርጅቶ ይሞታል። በዚያ ነው የምታለቅሰው።

እኔ ሐዋሳ ሆስፒታል ሆዴን ቀደውኝ የተኛሁ ጊዜ ጽጌ አላለቀሰችም። ነርሶቹን ስትቆጣ ነው የሰነበተችው። አሁን ተወልዶ ለማያውቅ የወረቀት ሰው እንባዋን ስታፈስ ሳይ አንድ ነገር እዚህ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ድልድይ ጠባቂውን ጠላሁት። የመጽሐፉን ባለቤት ደግሞ ከእሱ አብልጬ ጠላሁት።

መጽሐፉን ስትጨርስ ደብዳቤዎቹን አነበበች። አንዳንዱ ላይ ትስቃለች። የማነው ብዬ ስጠይቃት፣ የደምሴ ነው ትለኛለች። ከዚያ የራሷን መጻፍ ጀመረች። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጻፈች። አራት ገጽ፣ ከፊትም ከኋላም። አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ለእኔ አንድ መስመር ጽፋልኝ አታውቅም። ብትጽፍልኝ አላነበውም፤ እሱን አውቃለሁ። ቢሆንም ይቆጨኛል።

ምን ጻፍሽ አልኳት። ስለ መጽሐፉ ነው አለችኝና ወረቀቱን አጠፈችው።

በማግስቱ መጽሐፉንና ደብዳቤዎቹን በካኪ ወረቀት ጠቅልላ፣ በሲባጎ አስራ፣ ሀገረ ማርያም ላለችው ለሚቀጥለዋ አንባቢ እንድልክላት ሰጠችኝ። ሦስቱ ሳምንት ያልቃል፣ ዛሬ ካልገባ አፍራለሁ አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ፖስታ ቤቱ በር ድረስ ሄጃለሁ። አልገባሁም። እግሬ አልፎ ሄደ። አንድ ዛፍ ሥር ቆሜ ሲባጎውን ፈታሁት። የጽጌን ደብዳቤ ከላይ አገኘሁት፤ ወረቀቱን አውቀዋለሁ። መጀመሪያው መስመር ላይ “ደምሴ” የሚለውን ለየሁ። ከዚያ በታች ያለው ሩጫ ነው። ዞር ዞር አድርጌ ባየው አንድም አልገባኝም።

ከዚያ ያደረግኩትን አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ስለሆነ እናገረዋለሁ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። አንደኛው ጋ ሄድኩ። የማላውቀው ሰው መረጥኩ። ባለጉዳዮች ተደርድረው ይጠብቁ ነበር፤ እኔም ተራዬን ጠብቄ ወረቀቱን ሰጠሁት።

“ምን ልጻፍልዎት አባባ?” አለኝ።

“የሚጻፍ የለኝም። ይህን አንብብልኝ።”

የእነዚህ ሰዎች ልማድ ይታወቃል። የጻፉትን ለባለጉዳዩ ጮክ ብለው ያነቡለታል፤ ባለጉዳዩ ልክ ነው ካለ ይፈርማል። ይህም ሰውዬ ድምፁ በዚያ የተሞረደ ነው። ቀስ በል ከማለቴ በፊት ጀመረው። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ።

መጀመሪያ ላይ ሰላምታ ነው። ከዚያ ስለ መጽሐፉ ነው። እኔ የምጠብቀው ሌላ ነገር ነበር፤ ናፍቆት ምናምን የሚል ነገር። ሲቆይ እንዲህ የሚለው ጋ ደረሰ፤

“ሁላችሁም ለሰውየው እንዳለቀሳችሁ ጽፋችኋል። እኔ ለእሱ አላለቀስኩም። ያለቀስኩት ለሚስቱ ነው። ያልተናገረ ሰው አጠገብ ማርጀት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ትልቋ ልጃችን በሦስት ዓመቷ የሞተች ጊዜ፣ ባሌ በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ወደ ቡና ማጠቢያው ሄደ። ማታ መጥቶ እራት አቅርቢ አለኝ። አልቅሶላት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄውም አላውቅ። አላለቀስኩም ይለኝ ይሆን ብዬ እፈራለሁ።”

አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሌላው ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። ጸሐፊው አንብቦ ሲጨርስ፣ ልማድ ነው መቼስ፣ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ፣

“ልክ ነው አባባ?” አለኝ።

ሁሉም ያዩኛል።

“ልክ ነው” አልኩት።

አጠገቤ ከዱመርሶ የመጣ፣ የቡና መሬት ወሰን ክርክር ያለበት ገበሬ ተቀምጦ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “አባባ፣ ይሄ ክስ እኮ መልስ ይፈልጋል። መልስ ካልሰጠህ ይፈረድብሃል” አለኝ። ቀልድ ነው እንዳልል ፊቱ አይስቅም።

ወረቀቱን ተቀብዬ ተነሳሁ። ወደ ቤት ስሄድ ያ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር አልወረደም፤ ባሰበት። እስከዚያ ሰዓት የቀናሁት ጽጌ አቶ ደምሴን የምትወደው መስሎኝ ነበር። አለመሆኑን በጆሮዬ ሰማሁ። ነገር ግን ለእኔ ያልነገረችኝን ለእሱ ነገረችው። ልጃችን እኮ ናት። የእኔና የእሷ ናት። የእሱን ስም ከላይ ጽፋ የእኛን ሞት ከታች ነገረችው። ከዚህ የበለጠ ምን የሚያስቀና ነገር አለ?

ቤት ስደርስ ጽጌ ጥቅሉን እጄ ላይ አየችው። አልላክኸውም እንዴ አለችኝ። አልላክሁም አልኳት። ለምን ስትለኝ፣

“አስነበብኩት” አልኳት።

“ምኑን?”

“ደብዳቤሽን። ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ማመልከቻ ጸሐፊው ጋ።”

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

“ስንት ሰው ሰማ?”

ቆጠርኩ። ጸሐፊውን ጨምሮ ስድስት ነበሩ። ግትር ሰው ነኝ፤ ጥፋቴን እያወቅሁ እንኳ አፌ አያርፍም። “ስድስት። አንቺም ለስድስት ሰው ነገርሽ፣ እኔም ለስድስት ሰው አሰማሁ” አልኳት።

“እኔ የነገርኩት የራሴን ነው” አለችኝ። “አንተ የራስህን ለማን ነገርክ?”

ይህን ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ያን ቀን ሌላ ቃል አልተናገረችኝም። እራት አቀረበች፤ ሳህኑን አስቀምጣ ሄደች። ብቻዬን በላሁ። ያ የዱመርሶ ሰው ያለኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

አሁን ሰው ቢጠይቀኝ ቅናቱ ለቀቀኝ አልልም። አቶ ደምሴን ዛሬም አልወደውም። ዲላ መጥቶ መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፤ ከዚያ አላልፍም። እሱ ያደረገው አንድ ነገር ግን አለ፤ ጽጌን የተሰማሽን ጻፊ አላት። እኔ አርባ አንድ ዓመት አጠገቧ ሆኜ ምን ተሰማሽ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። የእንጀራ ነገር ነው ያኔ የያዘን እላለሁ። ማምለጫ መሆኑንም አውቃለሁ። ደብዳቤ አስነብቤ ሚስቴን ባዋርድም፣ ባላስነብበው ኖሮ ሳላውቅ እሞት ነበር። ሁለቱንም አንድ ላይ ይዤ እኖራለሁ።

ያ በሆነ በማግስቱ ጠዋት ከእሷ ቀድሜ ተነሳሁ። ጫማዬን አድርጌ፣ ጥቅሉን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። ነጠላሽን ልበሺ፣ የምንሄድበት አለ አልኳት። የት ብላ አልጠየቀችም፤ ለበሰች።

መጀመሪያ ፖስታ ቤት ገባን። ሚዛኑ ላይ ከማስቀመጣችን በፊት ጽጌ ሲባጎው ላይ እጇን ጫነች። የልጃችን ነገር ያለባትን ገጽ ላውጣት እንዴ፣ ካስከፋችህ ትቅር አለችኝ። ከትናንት ወዲህ የተናገረችኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

“ተያት። ደምሴም ያንብባት” አልኳት። “እኔ ቀድሜው ሰምቻለሁ።”

ፊቷን አዞረች፤ የሳቀች ይመስለኛል። ጥቅሉ ተመዘነ፣ ማኅተም ተመታበት፣ ገባ።

ከዚያ በአውቶቡስ ይርጋጨፌ፣ ከይርጋጨፌ በባጃጅ አሪቻ ሄድን። የቡናው ወቅት ስላለፈ ማጠቢያው ውስጥ ሥራ የለም። ጥበቃው የድሮ ሠራተኛ ነኝ ስለው አስገባን። ቡና እናጥብበት የነበረው የሲሚንቶ ቦይ ደርቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ሣር በቅሏል። ጽጌ እዚያ ግቢ ገብታ አታውቅም። በሥራ ጊዜ ቦዩ ውስጥ ቆመን ውሃው ጉልበታችን ድረስ እየመጣ ቡናውን በእንጨት እንደምንገፋ፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንደምንዘፍን፣ ውሃው ፊታችን ላይ እንደሚረጭ ነገርኳት።

ከዚያ ወደ ታችኛው ጫፍ ወሰድኳትና የቆምኩበትን ቦታ አሳየኋት።

“እዚህ ነው ያለቀስኩላት” አልኳት። “ሁሉም ፊቱ ርጥብ ስለሆነ ማንም አላወቀብኝም። ስጨርስ ታጥቤ ቤት እመጣ ነበር።”

ጽጌ ቦዩን ከላይ እስከ ታች አየችው።

“ስንት ቀን?” አለችኝ።

“የዚያ ዓመት ቡና ታጥቦ እስኪያልቅ” አልኳት።