ለሁለት ሊቀደድ የነበረው ድንኳን

እትዬ ሸዋአየሁ መተተኛ ናቸው ይባል ነበር፣ ካሳንቺስ። ተኳርፈው ቤታቸው የገቡ ሰዎች ተቃቅፈው ሲወጡ ያየ ሁሉ "ከጉልቻው ሥር የተቀበረ ነገር አለ" ይላል። ወሬውን ካባዙት አንዱ እኔ ስለሆንኩ ማረሙም የእኔ ነው፤ ሴትየዋ ጉልቻም የላቸው፣ በቡታጋዝ ነው የሚያበስሉት።

ሌላ ጥበብ የላቸውም። የተጣሉትን ለየብቻ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ዝምታቸው እኔን እንኳ ያልሠራሁትን ኃጢአት ሊያናዝዘኝ ነበር።

በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት የሰፈሩ ግማሽ ሊፈርስ ነው ተባለና ብዙ የእድራችን ሰው ኮንዶሚኒየም ደረሰው። ከሚሄዱት አንዱ አቶ ሃድጉ በእሑድ ስብሰባ ላይ ተነሡ።

"የለቅሶው ድንኳን ለሁለት ይቀደድ! ድርሻችን ነው።"

ድንኳኑን በእጃቸው የሰፉት አቶ ገብረክርስቶስ "መጀመሪያ እኔን ቅደደኝ!" ብለው ዘለሉ። ገላጋይ ባይገባ ወንበር ተነሥቶ ነበር።

በማግስቱ እትዬ ሸዋአየሁ አቶ ሃድጉ ቤት ሄዱ። እኔ የግድግዳ ጎረቤት ነኝ፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጆሮዬ ጤነኛ።

"ሃድጉ፣ ግማሽ ድንኳን ምን ያደርግልሃል? ዝናብ እንኳ አያስጥል።"

"ድርሻዬ ነዋ!"

እትዬ ሸዋአየሁ ዝም ብለው ጠበቁ።

"ፀሐይቱን እያዩዋት አይደል?" አሉ አቶ ሃድጉ በመጨረሻ። ባለቤታቸው ፀሐይቱ ታመው ከተኙ ስምንት ወር አልፏቸዋል። "እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ብትሞትብኝ ማን ያውቀኛል? ማን ድንኳን ይጥልልኛል?"

ከዚያ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት፣ ድንኳኑን ሲያጣጥፉ ወደነበሩት አቶ ገብረክርስቶስ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። እሳቸው የልጃቸውን ለቅሶ የተቀመጡት እዚያው ሸራ ሥር ነው፤ ሻማ የተንጠባጠበበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩ።

"እዚህ ላይ መቀስ የሚያሳርፍ..." ብለው አልጨረሱትም።

"ሃድጉም ሸራ አልፈለገም" አሏቸው እትዬ ሸዋአየሁ። "የፈለገው ቀባሪ ነው።"

በሚቀጥለው እሑድ ተስማማን። የሄደው ሁሉ አባል ሆኖ ይቀጥላል፤ ድንኳኑ ሙሉውን ተጭኖ ለቅሶው ያለበት ይደርሳል፤ ካስማውን አቶ ገብረክርስቶስ ይመታሉ። አቶ ሃድጉ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

አንድ ነገር ቀረ፤ የእድሩ ዕቃ ቤትም ፈራሽ ነው፣ ድንኳኑ የት ይቀመጥ? አንዱ "እኔ አምስት ልጅ ነው ያለኝ" አለ፤ ሌላው "እኔ ጋ እግር መዘርጊያም የለ" አለ። ቤታቸው ከማይፈርሰው ወገን የሆነው እትዬ ሸዋአየሁ እጃቸውን አወጡ። የሰው ሁሉ ሆድ ያውቁ የነበሩት ሴት የተናገሩት ይሄ ነው፤ የእሳቸውን ሆድ ግን ከእኛ የጠየቀ አልነበረም፦

"እኔ ጋ ይሁን። ቤቴ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።"