ጀርባዋን ለናይል
በካርቱም የናይል ጎዳና፣ ጦርነቱ ባጠቆረው ኒም ዛፍ ሥር፣ አንዲት የወሎ ሴት ሻይ ትሸጣለች። ሰው ሁሉ ወንዙን ሲያይ እሷ ጀርባዋን ሰጥታው መንገዱን ትጠብቃለች። በርጩማዎቿ አራት ናቸው፤ ስትሮጥ በአንዴ የምታነሳው ያንኑ ያህል ነው።

«እህቴ፣ ይሄ ጎዳና ድሮ እንዴት ነበር?» አላት ከማዮ ሰፈር የመጣው የቀን ሠራተኛ ጂብሪል።

«ሰው እንደ ውሃ ይፈስበት ነበር፣ ወላሂ። ፖሊሱ ደግሞ ‹ያላ! ያላ! ተነሱ!› እያለ እኛን ሻይ ሻጮቹን ያፍስ ነበር» አለች፣ የጫማዋን ክር እያጠበቀች።

ጂብሪል በማዶ የሚያልፍ ጓደኛውን አየና ከተቀመጠበት ሳይነሳ «ያላ! ና ሻይ ጠጣ!» ብሎ ተጣራ።

ፍሙ ላይ ውሃ ቸስ አለ። ዞር ሲል ሴትዮዋ ሦስት በርጩማ ታቅፋ እየሮጠች ነው።

«እህቴ፣ ጓደኛዬን ነው!» ብሎ ጮኸ።

አልዞረችም። አራተኛውን በርጩማ እሱ ተቀምጦበታል።