የዝገት ለቅሶ

ሰውዬው ድሮ ኮሪያ የዘመቱ ሰዎችን ቤት ከአርብ ገበያ እስከ ወገዳ እያንኳኳ፣ በዘመቻው መሀል ለዕረፍት ከሄዱባት ጃፓን ይዘው የተመለሱትን አጫጭር ጎራዴ እየገዛ የሚለቅም ነው። ካፖርቱ ቁልፍ የለውም፤ ጎራዴ ሲይዝ ግን ትንፋሹ ብረቱን እንዳይነካው አፉን በነጭ መሀረብ ይሸፍናል።

አትጠገብ የሟች አባቷን ጎራዴ አቀረበችለት። በእንግዳ ፊት እንዳላፍር ብላ፣ እጀታው ውስጥ የሚገባውን ብረት ሳይቀር በአመድና በአሸዋ ፈትጋ መስታወት አስመስላዋለች።

ሰውዬው እጀታውን ሲያወልቅ ፊቱ ጠቆረ።

«ማነው ይኼን የፈተገው? የሠሪው ስም እኮ እዚህ ላይ ነበር! ዕድሜው የሚታወቀው በዝገቱ ነው! ገደላችሁት!»

ይኼኔ የሰውዬው ስልክ ጮኸ። አትጠገብ «ልጄ» የሚለውንና የአንዲት ወጣት ሴት ፎቶ አየች፤ እሱ ግን ሳያነሳ ዘጋው።

ደሟ ፈላ። «ጋሼ፣ አባቴ እዚህ መደብ ላይ ታሞ ሲማቅቅ አንድ ሰው ደጃችንን አልረገጠም። ዛሬ ለዝገቱ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ?»

ጎራዴውን ወርውሮላት፣ የአባቷን ስም እንኳ ሳይጠይቅ ወጣ። ደጅ ላይ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ያንሱላት እንጂ!» ብላ ጮኸችበት። «ነገ እርስዎ ሲያልፉ የለቀሙትን ብረት በአመድ የምትፈትገው እሷ ናት!»