ከማጭዱ ፊት

ሰፈርተኛው ሣር አጫጁን «ነዳጅ የማይጠጣው ሞተር» ይለዋል። ስድብ አይደለም። የሆስፒታሉ ግቢ፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ የውኃ ማጠራቀሚያው ዳገት፣ ሣራቸው ወገብ ሲደርስ ሁሉም ሰው የሚልከው ወደ እሱ ነው። ማጭዱ አጎንብሰው የሚያጭዱበት ዓይነት አይደለም፤ እጀታው ትከሻው ድረስ የሚደርስ፣ ስለቱ ክንድ የሚያህል፣ ቆሞ በሁለት እጁ ከቀኝ ወደ ግራ የሚያወናጭፈው ነው። በተወናጨፈ ቁጥር ሣሩ ጸጥ ብሎ ይተኛል። ይህን አይቶ የማይፈዝ የለም። ስለት ግን ሣርን ከእግር አይለይም፤ ይህን ከሚስቱ በቀር የሚያስብ ሰው ያለ አይመስልም።

ሚስትየው ከኋላው እየተከተለች የታጨደውን በመንሽ ትሰበስባለች። ሥራዋ እሱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ገና ካልታጨደው ሣር ውስጥ እየገባች ድንጋይ፣ ሽቦ፣ የተሰበረ ጠርሙስም ትለቅማለች፤ ስለቱ አንዴ ከተሸረፈ የቀኑ ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። እሱ ሲያጭድ ዓይኑ ከስለቱ አይነሳም፤ ሰፊው ባርኔጣውም ግራ ቀኙን ይጋርደዋል። ስለዚህ ከተጋቡ ጀምሮ የማይጣስ ሕግ አላቸው። ልትገባ ስትል «ገባሁ» ትላለች። እሱ «ግቢ» ይልና ማጭዱን ያቆማል። «ወጣሁ» ስትል ይቀጥላል። በዚህ ሕግ ልጅ አሳድገው ድረዋል፤ እግሯም አንድ ቀን እንኳ አልተነካም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ አላማራትም። ድሮ ስለቱን በመሳያ ድንጋይ ሲስል ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «በቃው» ይል ነበር። አሁን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ነው የሚለካው፤ ጣቱ በጭረት አልቋል። በር ሲንኳኳ የሚነሳው እሷ ስትነሳ አይቶ ነው። «ግቢ» የሚላትም ዘግይቶ ነው፤ መስመሩን እየጨረሰ ይሆናል ብላ ትጠብቀዋለች። አንድ ጠዋት እንደዚያው ጠብቃ «ግቢ» ሲላት ገብታ ጎንበስ እንዳለች፣ ገና «ወጣሁ» ሳትል፣ ማጭዱ የቀሚሷን ጫፍ ይዞት ሄደ። ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ቀሚስሽን አሳጥሪው እንጂ አንቺ ሴት፣ ሙሽራ ነሽ እንዴ መሬት የምትጠርጊው?» አለና ሳቀ።

እሷም ሳቀች።

በዚያው ሰሞን ልጃቸው በትከሻ የሚንጠለጠል የሣር ማጨጃ ማሽን ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ በቃህ። ወገብህ እኮ አለቀ።»

እሱ አፍ አፏን ሲያይ ቆይቶ ማሽኑን በእግሩ ገፋ አደረገው። «ይሄ ነገር ሲነሳ ሰፈር ያደነቁራል። እናትሽ ገባሁ ስትለኝ በየትኛው ጆሮዬ ልሰማት ነው? እግሯን ቆርጬ ላስታቅፍሽ?»

«እማዬ፣ አንቺ ንገሪው እንጂ።»

እናትየው ጆሮው ከድቶት ይሆናል ብትል፣ ያውም ልጁ ፊት፣ ማጭዱን ከእጁ መንጠቅ ነው፤ ማጭድ የሌለው ባሏ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን አታውቅም። ዝም ብትል ደግሞ የራሷ እግር አለ። «እስቲ ይደርሳል» አለች። ልጅቷ ማሽኑን ጓዳ ወርውራው ተናዳ ሄደች። ይህን ሁሉ ዘመን አብሮ ኖሮ አንዲት ነገር መጠየቅ ያስፈራል? ያስፈራል እንጂ፤ መልሱን ጠርጥረውታልና።

በማግስቱ ባልና ሚስት የውኃ ማጠራቀሚያው ዳገት ላይ ነበሩ። ጤዛው አልደረቀም፤ ለማጭድ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ሚስትየው መንሿን መሬት ላይ ተክላ ቆመች።

«ገባሁ» አለች፣ በዘወትር ድምጿ። ከቦታዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ማጭዱ ቀጠለ።

«ገባሁ!» አለች ጮክ ብላ። ከዳገቱ ሥር ታስራ የምትግጥ ላም ቀና ብላ አየቻት። ባሏ ግን ዞር አላለም።

ከዚያ ዝም አለች፤ ትንፋሿን ሳይቀር ያዘች። እሱ መስመሩን ጨርሶ ሌላውን ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ ራሱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ «ግቢ» አለ። ማጭዱንም ገታ አደረገ። አንድ ሰው ገብቶ ለመውጣት ይበቃዋል ብሎ የገመተውን ያህል ቆየና መልሶ አወናጨፈው።

ወቅቱን ሙሉ ስትገባና ስትወጣ የከረመችው በእሱ ግምት ነበር። ጎንበስ ብላ ጠርሙስ ስትለቅም፣ ጀርባዋን ሰጥታው ሽቦ ስትጎትት፣ ያ ሁሉ በግምት። ፈራች፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ግን ንዴቷ በለጠ። አለመስማቱን የደበቀው ከባዳ አይደለም፣ ከስለቱ ፊት ከምትገባው ከእሷ ነው።

ከማጭዱ ርቃ በዳር ዞረችና ፊት ለፊቱ ሄዳ ቆመች። ጥላዋን ሣሩ ላይ ሲያይ ማጭዱን ያዘ።

«ምነው? ግቢ አላልኩሽም?»

አፏን እንዲያይ ፊቷን ቀና አደረገችለት። «ብለኸኛል» አለችው ቀስ ብላ። «እኔ ግን አልጠራሁህም።»

ላቡን ሊጠርግ ያነሳው እጁ መንገድ ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?» አለ፤ ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር።

እጇን ዘርግታ ማጭዱን ስትቀበለው አልከለከላትም።