ለአስቴር ያልበቃው ፓወር ሰፕላይ

አስቴር ተሳቢ የሚያስነዳውን አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው፣ የአቃቂ በሰቃ ሴት ወይ ፋብሪካ ወይ ጉሊት እንጂ ሌላ ሥራ የላትም በሚባልበት ዘመን ነው። ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራዋ አለፈች፤ ያውም በተሳቢ፣ ያውም ወደ ኋላ ነድታ። ፈታኙ ከጋቢናው ወርዶ የጎማውን አቋም ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ «ወንድ ብትሆኚ ኖሮ ዛሬውኑ ሥራ ታገኚ ነበር» አላት። ማመስገኑ ነበር።

ቃሊቲ ውስጥ ያልረገጠችው የትራንስፖርት ድርጅት ግቢ የለም። አንዱ «ሚሌ በረሃ ላይ ጎማ ቢፈነዳብሽ ማን ይቀይርልሻል?» ይላታል፤ ሌላው ባሏን ይዛ እንድትመጣ ያዛታል። በመጨረሻ አንዱ ድርጅት ቀጠራት፤ ግን መሪ አላስጨበጣትም፣ ስምሪት ክፍል ወንበር ሰጣት። የትኛው ሹፌር በየትኛው መኪና ምን ጭኖ ወደ ጅቡቲ እንደሚወጣ የምትመድበው እሷ ሆነች። ሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን «ከመንዳት ይሻላል፤ ይበቃሻል» ብሏታል። እዚያ ወንበር ላይ ጡረታ እስክትወጣ ተቀመጠች። ከምትመድባቸው ሹፌሮች አንዱን፣ አምባውን፣ አገባች። ልጅ ወለደች፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ ፀጉሯ ሸበተ። መንጃ ፈቃዷ ግን አንድ ጊዜም ሳይታደስ ቀርቶ አያውቅም። አምባው ለምንሽ ነው ሲላት «ለኔ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራትም።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ ግድም ሳሪስ ላይ ታክሲ ስትጠብቅ፣ በአንድ ጌም ቤት ክፍት በር በኩል ተሳቢ አየች። ስክሪን ላይ ነው፤ ዝናብ ውስጥ መብራቱን አብርቶ ዳገት ይወጣል። ሳታስበው ገባች። ልጇን ፍለጋ የመጣች እናት መስላቸው ሁለት ጎረምሶች ደብተራቸውን አንስተው በጓሮ በር ወጡ። እሷ ግን የማንንም ጆሮ ልትቆነጥጥ አልመጣችም። ባለቤቱን፣ ተራው ሲደርሰኝ እኔም ልንዳ አለችው። ሰውዬው ሳቀ፤ ሲያያት ግን እሷ አልሳቀችም። ወንበሩን ለቀቀላት።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ሳሪስ ጉዳይ አይጠፋላትም ነበር። ጌም ቤቱ ሊዘጋ መሆኑን ስትሰማ መሪውን ከነፔዳሉ፣ ምስሉን የሚያወጣውን ያገለገለ ግራፊክስ ካርድም ከባለቤቱ ገዛች። ልጇ ነቢዩ ከሚሠራበት ባንክ በጨረታ የወጣ የቢሮ ኮምፒዩተር ሰጥቷት ስለነበር፣ እሱንና ካርዱን ይዛ ሳሪስ ወዳለው ወደ ሙህዲን ሱቅ ሄደች። ሙህዲን ከስልጤ መጥቶ አጎቱ ዘንድ ሥራ የለመደ፣ አሁን የራሱን የኮምፒዩተር ሱቅ የከፈተ ወጣት ነው። ዕቃውን አየና ካርዱ በቢሮው ኮምፒዩተር ሳጥን ውስጥ እንደማይገባ ነገራት። ሌላ ሰፊ ኬዝ አመጣ። ኬዙ ለዕቃዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያድል የራሱ ፓወር ሰፕላይ አብሮት ነበረው፤ ላዩ ላይ አምስት መቶ ዋት ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። ካርዱ የሚፈልጋቸው ሁለት ገመዶች ሲሆኑ ፓወር ሰፕላዩ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ሙህዲን ሁለተኛውን በማጋጠሚያ አበጃጀው። አስቴር ይህ ነገር አቅም አያንሰውም ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ለእርስዎ ይበቃዎታል፣ ማዘር» አላት።

እሷም አመነችው።

ቤት ወስዳ መሪውን ጠረጴዛ ላይ ስታስር አምባው ከሶፋው ላይ ሆኖ ያያታል። ዕድሜውን ሙሉ በጅቡቲ መንገድ ሲመላለስ ወገቡ የተቃወሰ ሰው ነው፤ ዛሬም በመኪና ሩቅ መሄድ አይወድም። «እኔ ከመንገድ ስሸሽ አንቺ ቤቴ ድረስ ታመጪዋለሽ» አለና ፊቱን ወደ ዜናው መለሰ።

ጌሙ ውስጥ፣ ሜዳው ላይ እሷም መኪናውም ደህና ነበሩ። ከባድ ጭነት ጭና፣ ዝናብ ሲጀምር፣ የከተማው መብራት ከሩቅ ብቅ ሲል ግን ኮምፒዩተሩ ድርግም አለ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ማቃሰት የለ፤ አንድ ሰው ገመዱን ከግድግዳው የመዘዘው ይመስል ሞተ። አስነሳችው፤ እዚያው ቦታ ስትደርስ ደግሞ ሞተ። መጀመሪያ የጠረጠረችው የኮንዶሚኒየሙን መብራት ነው። እውነትም የቱሉ ዲምቱ መብራት ታማኝ አይደለም። ስታቢላይዘር ገዝታ አስገባች። ምንም አልፈየደም። ቀጥላ የተበላሸ ካርድ ነው የሸጠልኝ ብላ የጌም ቤቱን ሰውዬ በልቧ ረገመችው። በኋላ እንደታየው ሰውዬው ምንም ኃጢአት አልነበረበትም።

እሁድ ነቢዩ ከሚስቱ ከማህሌት ጋር ሊጠይቃቸው መጣ። እናቱ ስትነግረው ቁጭ ብሎ የምስሉን ጥራት ከላይ እስከ ታች ዝቅ አደረገው። ዝናቡን አጠፋ፣ ጥላውን አጠፋ፣ መስታወቱን አጠፋ። ዛፎቹ ካርቶን መሰሉ፤ ከተማው መብራት እንደጠፋበት ሰፈር ሆነ። ኮምፒዩተሩም እውነትም አልሞተም።

«ይኸው ሠራ፣ እማዬ» አላት። «ለአንቺ ይበቃሻል።»

አስቴር መሪውን ይዛ ትንሽ ነዳች። የኋላ ማሳያ መስታወቷ ጥቁር ነው። ተሳቢዋ የት እንዳለ አታይም። እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«መስታወት ለሌለው መኪና ስምሪት አልሰጥም ነበር» አለችው። «እኔስ ለምን ልንዳው?»

ነቢዩ እንደ ቀልድ ሊያልፈው ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም። በሆዱ የያዘውን አወጣው። ሰው እያወራ መሆኑን፣ የዕድሯ ሴቶች ራሳቸው አስቴር ምን ነካት ማለታቸውን፣ በዚህ ዕድሜ የጎረምሳ ዕቃ ይዞ ሳሪስ ለሳሪስ መዞር እሷንም እሱንም እንደማያስከብር ነገራት። ይልቅ ትልቅ ቴሌቪዥን ልግዛልሽ አላት፤ ለዓይንሽም ይሻላል። ማህሌት ባሏን በክርኗ ጎሰም አደረገችው፤ እሱ ግን ጀምሮታልና ጨረሰው።

አስቴር አልጮኸችም። «ቴሌቪዥን የሚያሳየኝ ሌላ ሰው የሄደበትን መንገድ ነው» አለች። «ይበቃሻል የሚለኝ ሰው በዕድሜዬ አልጠፋም። ሁሉም ሲለኝ እሺ ብያለሁ። አንተ የመጨረሻው ነህ፤ ላንተ እሺ አልልም።»

ነቢዩ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። አምባው ልጁን እስከ ደረጃው ሸኝቶት ተመለሰ። የተናገረ የመሰለው ፊቱ ብቻ ነው፤ ምን እንደተናገረ ግን አስቴር አልገባትም፣ ለማወቅም አልጠበቀችም።

በማግሥቱ ኬዙን በነጠላ ጠቅልላ ሚኒባስ ላይ ወጣች። ረዳቱ ለዕቃው ተጨማሪ ሒሳብ ጠየቃት፤ ጭኔ ላይ ነው የያዝኩት፣ ወንበር አልያዘም ብላ ተከራክራ ረታችው። ሳሪስ ስትደርስ ሙህዲን ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሞልቷል። አንዱ ጎረምሳ ትህትና መስሎት ኬዙን ሊቀበላት እጁን ዘረጋና ለልጅዎ ነው ወይ አላት። ለኔ ነው አለችና ራሷ ተሸክማ ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

ሙህዲን የሆነውን ሁሉ አዳመጠ። ከዚያ ምን ዓይነት ጌም እንደሆነ፣ የቱ ጋ ሲደርስ እንደሚጠፋ ጠየቃት። አስቴር መለሰችለትና እሷም በተራዋ ጠየቀችው።

«ያን ቀን ይሄን አልጠየቅከኝም። ምን እንደምጫወት ሳታውቅ እንዴት ይበቃዎታል አልከኝ?»

ሙህዲን አንገቱን አከከ። ሰበብ መደርደር ይችል ነበር፤ ግን እውነቱን ነገራት። እንደ እሷ ያለ ሰው ሲመጣ ፎቶ ለማየት፣ ከውጭ አገር ዘመድ ጋር ለማውራት ነው ብሎ እንደሚገምት፣ ካርዱንም ከአንድ ልጅ ዕቃ ጋር አብሮ የመጣ አድርጎ እንደወሰደው ተናገረ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማዘር። ይቀመጡ» ብሎ ወንበር ሰጣት።

ኬዙን ፈቶ ፓወር ሰፕላዩን አወጣና ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳያት። አምስት መቶ የሚለው በትልቁ ነው። ካርዱንና ፕሮሰሰሩን የሚመግበው መስመር ምን ያህል እንደሚችል ግን ከሥር በደቃቁ ተጽፏል፤ አስቴር መነጽሯን አውጥታ አነበበችው። አብረው በስልኩ ሲያሰሉት ከአምስት መቶው ግማሽ እንኳ አልሞላም። ካርዱ ብቻውን ሥራ ሲበዛበት ያንን ሊበላው ጥቂት ነው የሚቀረው። ፕሮሰሰሩ የራሱን ሲጠይቅ፣ ፓወር ሰፕላዩ ከመቃጠል መጥፋትን ይመርጣል። ሞኝ አይደለም፤ አቅሙን ያውቃል። አቅሙን የዋሸው የለጠፈበት ሰው ነው።

ሙህዲን ከመደርደሪያው ትልቁን አወረደላት፤ ሺህ ዋት። ከዚህ ወዲያ አይጠፋብዎትም፣ ሐሳብዎን ይጣሉ አላት። ምናልባት ሊክሳት ፈልጎ ነው፤ ምናልባትም ነጋዴ ስለሆነ ነው። አስቴር ዕቃውን በእጇ መዘነችና መልሳ አስቀመጠችው።

«አንዴ አሳነስክብኝ፤ አሁን ደግሞ ልታበዛብኝ ነው» አለችው። «የሚበቃኝን ደምረንና ቀንሰን እንወቀው።»

ደመሩት። ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ዲስኩና ማራገቢያዎቹ፣ ካርዱ ድንገት ሲስብ የሚጨምረው፣ ዕቃው እያረጀ ሲሄድ የሚቀንሰው። የካርዱ አምራች ራሱ የሚመክረውንም ከስልክ ላይ ፈለጉ። ስድስት መቶ ሃምሳ ዋት ላይ ተስማሙ። ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም አላት ሙህዲን፤ በደቃቁ የተጻፈውም ከትልቁ ጋር መስማማት አለበት፣ ሁለቱም ገመዶች ከራሱ የሚወጡ መሆን አለባቸው። እሱ ጋ እንዲህ ያለ አልነበረም። ልጅ ልኮ ከሌላ ሱቅ ያስመጣውን የመጀመሪያውን፣ ጽሑፉ ስላልተስማማ ሙህዲን ራሱ መለሰው። ሁለተኛው ሲመጣ አስቴር ከአሮጌው ጋር አስተያይታ አነሳችው፤ ክብደቱ እጥፍ ነው። ጽሑፉንም አነበበች። ተስማማ።

ሙህዲን ገጥሞ አበራው። መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ። ይኸው አላት። አስቴር ግን ነጠላዋን አልሰበሰበችም። ባዶውን አብርቶ ማሳየትማ አሮጌውም ይችልበታል፤ ጫነው፣ ዝናቡንም መስታወቱንም መልስልኝ አለችው። ሱቁ ውስጥ የሚጠብቁ ደንበኞች ነበሩ፤ አንዱ ሰዓቱን አየ። አስቴር ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችና ከሁሉ ከባዱን ጭነት መረጠች። በዝናብ ወጣች። መሪዋ ስላልነበረ መኪናው በፍየል መንገድ እንደሚሄድ ሰካራም ይንገዳገድ ነበር። አንድ አጥር ሰበረች፤ አንድ የመንገድ ምልክት ገጨች። ከኋላዋ ሳቅ ተሰማ። አልዞረችም። ኬዙ እየሞቀ፣ ማራገቢያው እየጮኸ፣ ከተማው መብራቱን ሁሉ ይዞ ከፊቷ መጣ። አሮጌው የሚሞትባት ቦታ ይህ ነው። አለፈችው። ከተማው መሃል ገብታ ቀይ መብራት ላይ ቆመች፤ ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል፣ ተሳቢዋ በኋላ ማሳያው ሙሉ ይታያል።

ሰዓቱን ያየው ሰውዬ መቸኮሉን ረስቶ አረንጓዴ በርቷል፣ ይሂዱ አላት።

ሙህዲን አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ምን ላድርገው ሲላት፣ ትልቁን ቁጥር በማርከር ሰርዘህ ሽጠው፣ ያለዚያ አትሽጠው አለችው። ሙህዲን ሰርዞ መደርደሪያው ጥግ ላይ ሲያስቀምጠው እስክታይ አልወጣችም።

የዕድሯ ሴቶች ማውራታቸውን አላቆሙም። አንዲት ሴትዮ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ኮምፒዩተሩ እንዴት ሆነ ብላ አሽሟጠጠቻት። አስቴር በቁም ነገር መለሰችላት፤ አሁን አይጠፋም፣ ዳገትም ይወጣል፣ ከፈለግሽ መጥተሽ ንጂ። ሴትዮዋ እስካሁን አልመጣችም።

አምባው ግን መጣ። መጀመሪያ ከሶፋው ሆኖ በዜናው መሃል ያያት ነበር። ቀጥሎ ዜናውን ድምፅ አጠፋበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ወገቡን ደግፎ ተነሳና ወንበር ጎትቶ ከጎኗ ተቀመጠ። አስቴር ረጅም ቁልቁለት ላይ ነበረች፤ ጭነቱ ከኋላ ይገፋታል።

«ፍሬን አታብዢ፤ በማርሽ ያዢው» አላት።

በማርሽ ያዘችው። መኪናው ረጋ። አምባው ትንሽ ከቆየ በኋላ እጁን ወደ መሪው ዘረጋና ተነሺ፣ ይሄን ጥምዝ እኔ ላሳይሽ አላት።

«እዚህ ላይ ተሳፋሪ ነህ» አለችው፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። «ቀበቶህን እሰር።»

አምባው እጁን መለሰ። በሕይወቱ ሌላ ሰው ሲነዳ ዝም ብሎ የተቀመጠበት ቀን አልነበረም፤ ያን ቀን ተቀመጠ። ጥምዙን ጎማዋን ከመንገዱ ጠርዝ ሳታስነካ ስትዞረው በአፍንጫው ተነፈሰ እንጂ አላመሰገናትም። እሷም አልጠበቀችም። በዚህ መሃል ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ፤ ነቢዩ ነው። ከዚያ እሁድ ወዲህ ደውሎ አያውቅም ነበር። አስቴር ስልኩን አየችው፣ መንገዱን አየችው፣ እጇን ከመሪው አላነሳችም።

ስልኩን ያነሳው አምባው ነው።

«እናትህ መንገድ ላይ ናት» አለው። «ስትቆም ትደውልልሃለች።»