የሰው ካሜራ ይዤ ከገላባት እስከ ካምፑ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ገዳሪፍ

ፀሐይ ሳትወጣ የገዳሪፍ መነኸሪያ ሞልቷል። የሰሊጥ ጆንያ እስከ ጫፍ የጫኑ ሎሪዎች ሞተራቸውን ያሞቃሉ፣ ረክሻ የምንላቸው ባጃጆች በመካከላቸው ይሽሎከለካሉ፣ አንዲት ሴት ከትልቅ ድስት ፉል እየቀዳች ትሸጣለች። ሐፍላ የምንለው የገላባት ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ።

ሙሉጌታ እባላለሁ፣ የጭልጋ ልጅ ነኝ። ገዳሪፍ ውስጥ ጉርድ ፎቶና ሠርግ እያነሳሁ መኖር ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ጦርነቱ የካርቱምን መንገድ ካበላሸው ወዲህ የፎቶ ወረቀትና ቀለም የምገዛው ከመተማ በኩል የሚገባውን ስለሆነ አልፎ አልፎ ገላባት እወርዳለሁ። የዛሬው ጉዞ ግን ሌላም ዕቃ አለበት። ባላመጣው ደስ የሚለኝ ዕቃ።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በገዳሪፍ፣ በዶካ፣ በፋውና በስደተኞች ካምፕ ያለን ፎቶ አንሺዎች በስልክ አንድ ግሩፕ አለን። አንድ ጠዋት የፋው ኢብራሂም አዲስ ካሜራ መውጣቱን የሚያሳይ ቪዲዮ ለጠፈ። ፉል ፍሬም ሚረርለስ ነው፤ ሴንሰሩ ሰፊ፣ ውስጡ እንደኛ ካሜራ የሚገላበጥ መስታወት የሌለው፣ በጨለማ ቤት ያለ ፍላሽ የሚያነሳ፣ የሰውን ዓይን በራሱ ፈልጎ የሚይዝ። ያን ቀን ሥራ የሠራ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኢብራሂም "ወላሂ ይሄ በእጄ ቢገባ እንቅልፍ አልተኛም" አለ። የዶካው ሰውዬ "የሰሊጥ አቧራ በሳምንት ይገድለዋል" ብሎ ጻፈ። እኔ ደግሞ "ፎቶ የሚያነሳው ሰው እንጂ ካሜራ አይደለም" አልኩ። ሁላችንም የጻፍነው ቅናታችንን ነበር።

ተስፋዓለም ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ዋለና ወደ ማታ አንድ መስመር ጻፈ፦ "ወንድሜ ሊልክልኝ ነው።"

ተስፋዓለም ሁመራ ላይ ደህና ስቱዲዮ ነበረው። የአገር ቤቱ ጦርነት ሲመጣ ልጁን አዝሎ፣ ሚስቱን ይዞ ተከዜን ተሻገረ፤ ካሜራዎቹ እዚያው ቀሩ። ዛሬ ከዶካ ፈንጠር ብሎ ባለው ካምፕ ውስጥ፣ ዳር ዳሩ በተሰነጠቀ ስልክ ፎቶ እያነሳ ይኖራል። ለእሱ ከማንም በፊት ደስ ሊለኝ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። "እንኳን ደስ አለህ" ብዬ ጻፍኩና ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።

ካሜራው ከዐረብ አገር በሰው እጅ ጎንደር፣ ከጎንደር መተማ ደረሰ። ተስፋዓለም ያለ ፈቃድ ከካምፑ መውጣት አይችልም። ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ።

"ሙሌ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ አንተ አምጣልኝ። ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።"

እንዴት እምቢ ይባላል?

ረፋድ አምስት ሰዓት፣ ገላባት

ከዶካ ወዲህ መንገዱ በሁለት በኩል የታጨደ የሰሊጥ ማሳ ነው፤ ነዶው እርስ በርሱ ተደግፎ ቆሟል። ገላባት ስንደርስ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል። ከጅረቱ ወዲያ መተማ ናት፤ ከዚያ ማዶ የሚጮኸው የአማርኛ ዘፈን እዚህ ድረስ ይሰማል። አህያ የሚጎትተው ጋሪ ሽንኩርት ጭኖ ድልድዩን ሲያቋርጥ አየሁ።

ዕቃውን ያመጡት ወይዘሮ አለሚቱ ይባላሉ፤ በርበሬና ቡና የሚነግዱ የመተማ ሴት ናቸው። ሳጥኑን ከበርበሬ ጆንያ ውስጥ አወጡት።

"አንተ ነህ ባለቤቱ?" አሉኝ።

"የጓደኛዬ ነው፣ እትዬ።"

"አንተስ እንዲህ ያለ አለህ?"

"የለኝም።"

ፊቴን ትንሽ ተመለከቱና "በል፣ በደህና አድርስለት" አሉኝ። ያዩትን ያዩ መሰለኝ። ወረቀትና ቀለሜን ገዛሁ፣ ኪስራ የሚሉትን ስስ እንጀራ በወጥ በላሁ፣ ሳጥኑን ግን ከጭኔ ላይ አላወረድኩትም። ክብደቱን ሁለት ሦስት ጊዜ በእጄ መዘንኩት። ከኔው ካሜራ ይቀላል።

ሰባት ሰዓት ተኩል፣ ኬላ

በመመለሻው ላይ ኬላ አለ። በዚህ የጦርነት ጊዜ ካሜራ የያዘ ሰው ይፈራል፣ ያስፈራልም። አንድ ወታደር በመስኮቱ ብቅ ብሎ መተላለፊያው ላይ ያኖርኩትን ሳጥን አየና ሁላችንንም በዐረብኛ ጠየቀ፦

"ደ ሐግ ሚኑ?" የማን ነው ማለቱ ነው።

አላውቀውም ብል ይወስዱታል፣ ነገሩም እዚሁ ያልቃል። ተስፋዓለም እንደኛው ይሆናል። በመንገድ የጠፋ ዕቃ ነው፣ ማንም እኔን አይወቅስም። ይህን ያሰብኩት እኔው ነኝ፤ ቁጭ ብዬ፣ በደንብ አሰብኩት።

ሾፌሩ አደም በመስታወቱ ውስጥ ያየኛል። የገዳሪፍ ሰው ነው፤ የልጁን ሠርግ ያነሳሁለት እኔ ነኝ።

"ሐጊ" አልኩ። የኔ ነው።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደስ አለኝ። ሳፍርበት እኖራለሁ፣ ግን ደስ አለኝ።

ወታደሩ ፕላስተሩን በቢላ ቀደደና ካሜራውን አውጥቶ አገላበጠ። የመኖሪያና የሥራ ፈቃዴን አሳየሁ። አደም ከመኪናው ወርዶ "የገዳሪፍ ፎቶ አንሺ ነው፣ ቤቴ የገባ ሰው ነው" እያለ ለመነልኝ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ወታደሩ ካሜራውን መልሶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው፣ ከሳጥኑ ውጪ፣ ራቁቱን።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ዶካ

የካምፑ መኪና ካልሞላ አይነሳም። ዶካ ገበያ ዳር፣ ከጆንያ በተሰፋ ዳስ ሥር ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ከጎኔ ሰሊጥ አጭደው የወጡ የአርማጭሆ ልጆች ሎሪ ይጠብቃሉ።

ሳጥኑ አንዴ ተከፍቷል። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። ከዚያ የራሴን ባዶ ሚሞሪ ካርድ ከቦርሳዬ አውጥቼ ከተትኩበት፣ ሌንሱን ገጠምኩ። ባትሪው ግማሽ ነበረው።

ሁለት ወንድማማቾች እየታጠቡ ነበር። ታናሹ አጎንብሷል፣ ታላቁ ከጄሪካን ውሃ ያፈስበታል።

"ላንሳችሁ?"

"አንሳን" አለ ታላቁ፤ "ግን እናታችን ካየችው እንዲህ ከስተናል እንዳትል።"

ዓይኔን አስጠጋሁ። ዓይን የምትፈልገው ትንሽ አረንጓዴ ማዕቀፍ የታላቁ ዓይን ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ ሲንቀሳቀስ ትከተለዋለች። የኔ ካሜራ እንዲህ ያለ ጥላ ውስጥ ሲገባ ይታወራል። ይህ ግን የጆንያውን ቀዳዳ አልፎ የመጣውን ብርሃን፣ በልጁ አንገት ላይ የሚንከባለለውን ውሃ፣ እጁ ላይ ያለውን የማጭድ ጠባሳ ሳይቀር አየው። አርባ አንድ ጊዜ አነሳሁ። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የሚበልጥ ፎቶ ከመካከላቸው እንዳለ ገና ሳላየው አውቄዋለሁ። አውቄም ተናደድኩ።

መኪናው ሲጠራ ካርዴን አወጣሁ፣ ካሜራውን በሸሚዜ ጫፍ ጠርጌ እንደነበረ መለስኩት።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ካምፑ

የተስፋዓለም ሱቅ ከካምፑ ገበያ ዳር፣ ከእንጨትና ከፕላስቲክ የተሠራ ጎጆ ነው። ሚስቱ ለተብርሃን ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ትጠብቃለች። ጎረቤት ተሰብስቧል።

"ኬላ ላይ ወታደር ከፈተው" አልኩ ገና ሳልቀመጥ።

"ዋናው መድረሱ ነው" አለና ግንባሬን ሳመኝ። እውነት ነው የነገርኩት፤ ግማሹን።

ተስፋዓለም እጁን ታጠበ፣ በፎጣ አደረቀ፣ ካሜራውን እንደ ሕፃን ተቀበለው። ወንድሙ አብሮ የላከውን ካርድ ከተተና ሚስቱን በሩ ላይ አቁሞ አንድ ፎቶ አነሳ። ሰው አጨበጨበ። እሱ ግን ስክሪኑን እያየ ቆመ። እኔም ከትከሻው በላይ አየሁ፤ የፋይሉ ቁጥር አርባ ሁለት ይላል። አዲስ ካሜራ ከአንድ ነው የሚጀምረው፤ ካርድ ቢወጣም ቁጥሩን አይረሳም።

ቀና ብሎ አየኝ። ጎረቤቱ ሲበተን፣ ለተብርሃንም ሻይ ልታፈላ ስትሄድ፣ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ካሜራው እንዴት ነው፣ ጥላ ውስጥ?"

"ጥሩ ነው" አልኩት።

"አምስት ዓመት ሙሉ ሳጥን የምከፍትበትን ቀን ስጠብቅ ነበር፣ ሙሌ። አንተ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። ቀናሁብህ። ኬላው ላይ እንዲወስዱትም ተመኝቼ ነበር።"

ይህን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። የራሴን ካርድ ከኪሴ አውጥቼ አግዳሚው ላይ አኖርኩት። አንስቶ ካሜራው ውስጥ ከተተው። አርባ አንዱንም እያሳለፈ አየ። ወንድማማቾቹ ላይ ሲደርስ ቆመ። ውሃው፣ የታጠፈው አንገት፣ ከላይ የያዘው እጅ።

"ዶካ ነው?"

"ዶካ፣ ገበያው ዳር።"

"ዶካ ሰባት ጊዜ ሄጃለሁ" አለ ቀስ ብሎ። "በፈቃድ፣ በሰዓት ተቆጥሮልኝ። ካሜራ ይዘህ ውጣ የሚለኝ ግን የለም። ይሄ ካሜራ ይሄን የካምፕ ገበያ፣ ይሄን ድንኳን፣ የነዚህኑ ሰዎች ፊት ነው የሚያነሳው። አንተ ደስ ያለህ ቦታ ወርደህ ታነሳለህ።" ካርዱን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። "እኔም እቀናብሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ አይደለም።"

ይቅርታ ጠየቅኩት። "እሺ" አለ፤ የእሺው ድምፅ ግን ገና ከልቡ አልነበረም። ለተብርሃን ሻይ አመጣችልንና ስለ ወንድሙ እያወራን ጠጣነው።

ወደ ዶካ የሚመለሰው የመጨረሻ መኪና ጡሩንባውን ሲነፋ አብሮኝ ወጣ። የገበያው መጨረሻ ላይ፣ የካምፑ ዘበኞች የመውጫውን ገመድ የወጠሩበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። ገመዱን ተሻግሬ ተሳፈርኩ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ዞር ብዬ አየሁት፤ ካሜራውን ወደ ፊቱ አንስቶ፣ እኛ የምንሄድበትን መንገድ ያነሳ ነበር።