ጋሽ ይማምና የሐሙሱ ቀጠሮ

ውሸት ነው በሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ሺፍት ላይ እያለሁ ልጃቸው ፋጡማ ደወለችልኝ። ገና ሃሎ ሳልል ለቅሶዋ ቀደመኝ። እኔ ደግሞ «ኧረ ትናንት እኮ ሾርባ ጠጥተዋል!» ብዬ ተከራከርኳት። ሾርባ የጠጣ ሰው የማይሞት ይመስል።

ጋሽ ይማም፣ እዚህ ስደት አገር የሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር ጎረቤቴ፣ ሞቱ። ብዙዎቻችሁ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል፣ ዕቃ መጋዘኑ ዌርሃውስ ውስጥ አብራችኋቸው ሠርታችኋል። ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዱት፣ ወሬ ስናበዛ «ወርደህ አይተኸዋል?» የሚሉት ሰውዬ።

ይቺን አነጋገር ያመጧት ከአሰብ ነው። በወጣትነታቸው ከኮምቦልቻ ሄደው ወደቡ ላይ መርከብ ይጠግኑ ነበር። «መርከብ ሲበላሽ ላይ ቆሞ የሚያወራው ብዙ ነው፣ ብልሽቱ ግን ታች ነው» ይላሉ። ስለ ሰው ትዳርም ሆነ ስለ ቤት ዋጋ ስንዘባርቅ መልሳቸው ያው ነበር። «ወርደሽ አይተሽዋል? እንግዲያው ዝም በይ!»

አምና፣ በሽታቸው ከታወቀ በኋላ፣ የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ዕለት የሰፈር ልጆች በራችን ላይ በረዶ እያድቦለቦሉ ይወራወሩ ነበር። ጋሽ ይማም በነጠላ ጫማ ወጥተው «ስቶፕ! ስቶፕ ኢት!» ብለው ጮኹባቸው። እኚያ ልጅ የሚወዱ ሰው! ልጆቹ ተበተኑ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቄ «ምን ሆኑ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እኛም እንዲሁ ነበር የምንወራወረው» አሉኝ።

የድሮ መርከብ ቧንቧ ሙቀቱ እንዳይወጣ በአስቤስቶስ ይሸፈን ነበር። እነሱ ስሙን እንኳ አያውቁም፣ «ነጩ» ነው የሚሉት። መርከቡ ሆድ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ይልጡታል፣ በመጋዝ ይቆርጡታል፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እያድቦለቦሉ ይጫወቱበታል። ጭንብል የለ፣ ተው ያላቸው የለ። ወደ ቤት ሲገቡ ወፍጮ ቤት የዋሉ ይመስሉ ነበር።

የነጩን ጉዳት ያወቅነው ቀደም ብሎ ሐኪም ቤት ነው። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሳላቸውን የዌርሃውሱ አቧራ ያመጣው ነው ስንል ሐኪሟ «ከዚያ በፊትስ የት ሠሩ? ከዚያስ በፊት?» እያለች አሰብ አደረሰችን። የሳንባ ሽፋን ካንሰር ነው አለች፣ ከነጩ ብናኝ የሚመጣ፣ ስንት ዘመን ተኝቶ የሚነሳ። ቀጥላ «የሥራ ልብሳቸውን የሚያጥበው ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች።

ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ኮራ ብለው «እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊያጥብለት ኖሯል? መጀመሪያ በር ላይ ደህና አድርጌ አራግፌ ነው ደግሞ» አሉ።

የራሳቸውን በሽታ ሲሰሙ ያልተለወጠው የጋሽ ይማም ፊት ያኔ ተለወጠ።

ከዚያ ወዲህ ያ ብናኝ ሚስታቸውም ሳንባ ገብቶ ይሆን ከማለት ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም። እትዬ ዘሃራን ያስላቸዋል። ተመርመሪ ሲሏቸው «አንተን ላስታምም ወይስ እኔ ልታመም? ጉንፋን ነው» እያሉ ቀጠሮ ያሰርዛሉ። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ይማም አልጋ ላይ ሆነው ለዚህ ሐሙስ ሲቲ ስካን አስያዙላቸው። እጄን ያዝ አድርገው «እኔ ኖርኩም አልኖርኩም ይዘሻት የምትሄጂው አንቺ ነሽ፣ አደራ» አሉኝ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ከሰዓት ለቅሶ ቤት ስገባ እትዬ ዘሃራ ያለቅሳሉ፣ ያስላቸዋል። ሰው «ለቅሶው ነው» ይላል። እኔ ግን የጋሼን ሳል ነው የምሰማው። እንደ ምንም የሐሙሱን ቀጠሮ አነሳሁ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ቆጣ ብለው «ዒዳ ላይ እኮ ናት! ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም። አንቺ ክርስቲያን ስለሆንሽ አታውቂው ይሆናል» አሉኝ። አፍሬ አቀረቀርኩ።

ፋጡማ ግን ሼሁ ጋ ደውላ ስፒከር ላይ አደረገቻቸው። «ለሕክምና መውጣት ይቻላል፣ ምን ጥያቄ አለው?» አሉ። ሴትዮዋም «እንግዲያውስ አልሐምዱሊላህ» ብለው ተቀበሉ። የቀሩት ራሳቸው እትዬ ዘሃራ ናቸው።

«ሼሁ ቢሉም አልሄድም። ይማሜን ነገ አስቀብሬ በማግስቱ ለራሴ ሐኪም ቤት ልሩጥ? ወላሂ ምንም የለብኝም።»

ከአፌ አመለጠኝ። «ወርደው አይተውታል?»

ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ። እትዬ ዘሃራ ትኩር ብለው አዩኝ። መጀመሪያ ሳቃቸው መጣ፣ ከዚያ ለቅሶው፣ ከዚያ ያ ሳል ያዛቸው። ሲለቃቸው አፋቸውን በሻርፓቸው ጠርገው «ስንት ሰዓት ነበር ያልሽኝ?» አሉ።

መርከብ ጥገና የሠራችሁ ሁሉ፣ የሠራተኛ ልብስ ያጠባችሁ እናቶችም፣ እባካችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ሳይጠይቋችሁ ንገሩ።

ጋሽ ይማም፣ ነገ ወንዶቹ አፈር ያለብሱዎታል። ሐሙስ ግን ተራው የእኔ ነው። መኪናዬን አሙቄ በራችሁ ላይ እቆማለሁ። ምን እንደሚሉን አላውቅም፣ በጣም ፈርቻለሁ። እርስዎ ግን ከእንግዲህ አይስጉ፣ አላህ በሰፊው ያሳርፍዎ።

ወርደን እናየዋለን፣ ጋሼ።